የመሳቢያው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው አንድ የቦምቤይ ልጅ በአየር ጠመንጃው ድንቢጥ መታ። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1908 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ድንቢጥ መምታት ለልጁ ብርቅ አልነበረም። ይመታል፣ ያርዳል፣ ተጠብሳ ትበላለች። ይህቺኛዋ ግን ጉሮሮዋ ላይ ቢጫ ምልክት አለባት። ልጁ ሙስሊም ነውና እንዲህ ያለችው ወፍ ትበላለች ወይስ አትበላም የሚል ጥርጣሬ ገባው። እናትና አባቱን ገና በሕፃንነቱ ያጣ፣ በእናቱ ወንድም ቤት ያደገ ልጅ ነው። እንደ ልማዱ ጥያቄውን ይዞ አጎቱ ዘንድ ሄደ።

አጎቱ አሚሩዲን ታይብጂ ወፏን አላወቋትም። የሚያውቅ ሰው የት እንደሚገኝ ግን ያውቃሉ። ራሳቸው አባል የሆኑበት አንድ ማኅበር አለ፤ የቦምቤይ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ይባላል። ደብዳቤ ጽፈው፣ ድንቢጧን አስይዘው፣ ልጁን ወደ ማኅበሩ የክብር ጸሐፊ ወደ እንግሊዛዊው ሚላርድ ላኩት።

አገሩ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነው። አንድ ሕንዳዊ ልጅ የእንግሊዛዊ ቢሮ በር ላይ ሲቆም ልቡ መምታቱ አይቀርም። ሚላርድ ግን ተቀበለው። ወፊቱን አገላብጦ አየና ስሟን ነገረው፤ ቢጫ ጉሮሮ ድንቢጥ። እዚያው አመስግኖ ቢያሰናብተው ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ። እሱ ግን ልጁን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ፤ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እየሳበ ቆዳቸው ተገፎ በጥጥ የተሞሉትን የሕንድ ወፎች አሳየው። የሚያነበው መጽሐፍ አዋሰው። በማኅበሩ ሙዚየም ይሠራ ለነበረው ለኪኒርም አስተዋወቀው፤ ልጁ የወፍ ቆዳ አገፋፈፍን፣ አደራረቅንና መለያ ወረቀት አጻጻፍን ከዚያ ተማረ።

የልጁ ስም ሳሊም አሊ ነው። ሕንድ በአንደኛ ደረጃ የምትጠራው የወፍ ተመራማሪ ሆነ። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ያ በሩን የከፈተለት ማኅበር ራሱ ሊዘጋ ሲል እጁን የዘረጋው እሱ ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ጣፋጭ ተረት ይነገራል። ውስጡ ግን ዛሬም ያልተፈታ ክርክር አለ። ቅኝ ገዢ ትቶት የሄደው ተቋም ምን ይደረግ? አንዱ ወገን ውለታ ነው ይላል። ሌላው ዘረፋ ነውና ይፍረስ ይላል። የቦምቤዩ ማኅበር ታሪክ ለሁለቱም አይመችም። ለዚህም ነው መነገር ያለበት።

ከወይን ጠጅ ሱቅ ጥግ

መስከረም 15 ቀን 1883 ስምንት ሰዎች በቦምቤይ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተሰብስበው ማኅበሩን መሠረቱ። ስድስቱ እንግሊዞች ናቸው። ሁለቱ ሕንዳውያን ሐኪሞች ዶክተር አትማራም ፓንዱራንግና ዶክተር ሳካራም አርጁን ናቸው። መንግሥት አላዘዛቸውም፤ በጀትም የላቸውም። የሰበሰቡትን የሚያስቀምጡበት ቦታ ሲጠፋ ፊፕሰን የተባለ የወይን ጠጅ ነጋዴ በፎርብስ መንገድ ካለው ሱቁ አንዱን ጥግ ለቀቀላቸው። በጠርሙስ ጎን የእባብ ማሰሮ ተደረደረ።

ከ1894 ጀምሮ ደግሞ ቢሮው ውስጥ ዊልያም የሚባል ትልቅ ወፍ ይኖር ነበር። የኢትዮጵያን ኤርኩም የሚያውቅ ሰው የዚህን ወፍ ዘመድነት ከምንቃሩ ይረዳል። ፍራፍሬ፣ አይጥና ጊንጥ ይበላል፤ ከሩቅ የተወረወረለትን የቴኒስ ኳስ በምንቃሩ ይቀልባል። እስከ 1920 እዚያው ኖረ። ማኅበሩ ዛሬም አርማው እሱ ነው።

የማኅበሩ ሥራ በሦስት ቃል ይጠቃለላል፤ ማየት፣ መጻፍ፣ ማስቀመጥ። በ1886 መጽሔት ጀመረ። መጽሔቱ ትልልቅ ጥናቶችን ያወጣል። ከሁሉ የሚወደደው ክፍል ግን መጨረሻው ላይ ያለው የአጫጭር ማስታወሻዎች ዓምድ ነበር። አንድ የደን ሹም፣ አንድ የሻይ እርሻ ባለቤት፣ አንድ የባቡር ሠራተኛ ያየውን ነገር በአንድ ገጽ ጽፎ ይልካል፤ የትኛው ወፍ በየትኛው ወር ጎጆ ሠራ፣ የትኛው እባብ ምን ሲበላ ተገኘ። ዲግሪ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ቀኑና ቦታው ነው።

ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ የሰው ሕይወትም ያድን ነበር። ማኅበሩ በ1907 ፍራንክ ዎል የተባለውን ሐኪም መጽሐፍ አሳተመ፤ መርዛማ እባብን ከማይመርዘው እንዴት መለየት እንደሚቻል የሚያሳይ ነው። በእባብ በሚነደፉ ሰዎች ለተሞላች አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1911 ደግሞ አጥቢ እንስሳትን የመመዝገብ ታላቅ አሰሳ ተጀመረ። ከሕንድ እስከ በርማና ሲሎን ተዘረጋ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ 25,000 ያህል ናሙናዎች ተሰበሰቡ፤ ውጤቱም በ47 ጽሑፎች ታተመ። ይህን ያደረገው በየአውራጃው የተበተነ የአባላት መረብ ነው።

በመሳቢያው ላይ ያልተጻፉ ስሞች

አሁን ወደ ሌላው ገጽ። ያ አሰሳ ሲካሄድ አባላቱ በየአውራጃው የተገኙት ግዛቱን ለማስተዳደር ነው። ግብር ሰብሳቢው ቢራቢሮም ይሰበስባል። የጦር መኮንኑ ነብርም ይገድላል። ወፏ የምትተኛበትን ዛፍ የሚያውቀው፣ ዱካ የሚከተለው፣ ጓዙን የሚሸከመው የአገሬው ሰው ነው። መጽሔቱ ሲታተም ግን ከርዕሱ ሥር በብዛት የሚነበበው የእንግሊዝ ስም ነበር።

ሳሊም አሊም ቢሆን በሩ የተከፈተለት ማንም ልጅ ስለሆነ አይደለም። ሀብታምና የተማረ ቤተሰብ ነበረው፤ አጎቱ አባል ነበሩ፤ ደብዳቤ ነበረው። በዚያው ከተማ ያንኑ ድንቢጥ የመታ፣ ደብዳቤ የሚጽፍለት አጎት የሌለው ልጅ ምን ያህል ይሆን? እነዚያ ወፏን በልተው ዝም አሉ።

የቦምቤይና የዕውቀት ጉዳይ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። ማኅበሩ ከመመሥረቱ አሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ በ1868፣ መቅደላን የወረረው የናፒየር ጦር የተነሣው ከቦምቤይ ነው። ዝሆኖቹን ይዞ ዙላ ላይ ሲያርፍ አብሮት ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድር ባለሙያ ነበር። ከጦሩ ጋር እየተጓዘ ድንጋይ መረመረ፣ ወፍና እንስሳ ሰበሰበ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰዉ። የብራና መጻሕፍቱ፣ ዘውዱና ታቦታቱ ተጭነው ሄዱ። ብላንፎርድ ደግሞ በ1870 ስለ ሐበሻ ምድርና እንስሳት የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። ሰውዬው በኋላ የብሪታኒያ ሕንድን እንስሳት የሚዘረዝሩት ተከታታይ መጻሕፍት አርታኢ ሆነ። በአፍሪካ ቀንድ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ወፍ ዛሬም በሳይንስ ስሟ የእሱን ስም ትሸከማለች።

ዘመቻው ወረራ ነው። መጽሐፉም ጥሩ መጽሐፍ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

የአንዲት ጉጉት መለያ ወረቀት

ዕውቀት ግን በማን ስም ተጻፈ ከሚለው ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በሐቅ ተጻፈ ወይ? ይህን የምታስተምረው በማዕከላዊ ሕንድ የምትኖር አንዲት ትንሽ የጫካ ጉጉት ናት።

ጉጉቷ ከ1884 በኋላ አልታየችም ነበር። ሳሊም አሊን ጨምሮ ብዙዎች ፈልገዋት አጡ። ነገር ግን አንድ እንግሊዛዊ የጦር መኮንን፣ ሪቻርድ ማይነርትዝሃገን፣ በ1914 ጉጃራት ውስጥ አንዷን እንዳገኘ የሚናገር ናሙና ነበረው። መለያ ወረቀቱ ቀንና ቦታ አለው፤ ማን ይጠራጠራል? ሰውዬው ዝነኛ ነው። ሳሊም አሊ ራሱ በ1937 አፍጋኒስታን ድረስ አብሮት ሄዶ ወፍ አጥንቷል።

በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ናሙናዎቹን በኤክስሬይና በአሰፋፍ ዘዴያቸው መረመሩ። ማይነርትዝሃገን ከሙዚየሞች ወፍ እየሰረቀ በሐሰት መለያ የራሱ ሲያደርግ መኖሩ ወጣ። ያቺም ጉጉት በ1880ዎቹ ጄምስ ዴቪድሰን የተባለ ሌላ ሰው የሰበሰባት ነበረች። ፓሜላ ራስሙሰንና ጓደኞቿ የሐሰቱን ቦታ ትተው እውነተኛዎቹ ናሙናዎች የተገኙበትን ቦታ ተከተሉ። በኅዳር 1997 በማሃራሽትራ ጫካ ውስጥ ጉጉቷን በሕይወት አገኟት። ከመቶ ዓመት በላይ ጠፍታ ነበር።

አንዲት ውሸት የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ብዙ ፈላጊ አሳስታለች። ውሸቱን ያጋለጠው ደግሞ ሌሎች በሐቅ ጽፈው ያስቀመጡት መዝገብ ነው። መዝገብ ከሌለ ሌባውም አይያዝም፣ ወፏም አትገኝም።

እንግሊዞቹ ሲሄዱ

ወደ ሳሊም አሊ እንመለስ። ልጁ አድጎ ቦምቤይ ባለው ሙዚየም የተፈጥሮ ክፍል አስጎብኚና አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ በርሊን ሄዶ ከታዋቂው የወፍ ተመራማሪ ከኤርዊን ሽትሬዘማን ሥር ተማረ። በ1930 ሲመለስ የሥራ መደቡ በገንዘብ እጥረት ተሰርዞ ጠበቀው። የመንግሥት የእንስሳት ጥናት መሥሪያ ቤትም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የለህም ብሎ አልቀጠረውም።

ከባለቤቱ ከተህሚና ጋር ኪሂም ወደምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ገባ። እዚያ ከሣር ጎጆ የምትሠራ ወፍ አጠገቡ ነበረች። ሥራ ፈት ሆኖ ከመቀመጥ ጎጆዎቹን ማየት ጀመረ። ወንዱ ጎጆውን ጀምሮ ሴቷ ከተቀበለችው ብቻ እንደሚጨርሰው፣ ከዚያም ሌላ ጎጆ ጀምሮ ሌላ ሴት እንደሚጠብቅ መዘገበ። ጽሑፉ በማኅበሩ መጽሔት ወጣ፤ ስሙም ታወቀ። ቀጥሎ ለየግዛቱ መሳፍንት አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ የጉዞውንና የድንኳኑን ወጪ ቻሉልኝ፣ እኔ ያለ ደመወዝ ወፎቻችሁን እመዘግባለሁ። በዚህ መንገድ ከሃይደራባድ እስከ ትራቫንኮር ዞረ።

በ1941 የሕንድ ወፎች መጽሐፉ ወጣ። ኔህሩ በደህራ ዱን እስር ቤት ሳሉ ይህንኑ መጽሐፍ ለልጃቸው ለኢንዲራ ላኩላት። እንግሊዞች ያሰሩት ሰው፣ በእንግሊዞች ማኅበር ያደገ ሕንዳዊ የጻፈውን ስለ ሕንድ ወፎች ያነባል። የታሪክ ምፀት አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ነፃነት በ1947 መጣ። እንግሊዛውያን አባላት ሻንጣቸውን ሸክፈው ሄዱ። ማኅበሩ ገንዘቡም ሰዉም ተመናመነ። በዚያው ሰሞን ለመጽሔቱ አንድ ፎቶግራፍ ደረሰው። በመኪና መብራት ሌሊት የተገደሉ ሦስት አቦሸማኔዎች ናቸው፤ ገዳዩ የኮሪያ ግዛት ማሃራጃ ነው፤ ሥዕሉን የላኩት የራሱ ሰዎች ናቸው፣ በኩራት። አርታኢዎቹ ፎቶግራፉን ከውግዘት ጋር አተሙት። እነዚያ ሦስቱ ሕንድ ውስጥ በማስረጃ ከተመዘገቡት አቦሸማኔዎች የመጨረሻዎቹ ሆነው ቀሩ። በ1952 የአገሪቱ መንግሥት አቦሸማኔ ጠፍቷል ብሎ አወጀ።

ይህ ለአዲሲቱ ሕንድ መራራ ትምህርት ነው። ባለቤትነት ወደ አገሬው መመለሱ ብቻውን እንስሳውን አላዳነውም። ገዳዩ ሕንዳዊ መስፍን ነበር። ማስረጃውን ያስቀመጠው ደግሞ ሊዘጋ የተቃረበ ማኅበር ነበር።

ሳሊም አሊና ባልደረቦቻቸው ማኅበሩን ተረከቡ። ለጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ደብዳቤ ተጻፈ፤ የገንዘብ ድጋፍ ተገኘ። መሳቢያዎቹ ቦታቸው ላይ ቀሩ፤ ቁልፉ ብቻ እጅ ቀየረ። ሳሊም አሊ ከአሜሪካዊው ዲሎን ሪፕሊ ጋር የክፍለ አህጉሩን ወፎች በአሥር ቅጽ ጽፈው አወጡ። የማሃራጃ ማደኛ የነበረው የባራትፑር ረግረግ የወፎች መጠለያ እንዲሆን ተሟገቱ። ታላቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያገኙ ገንዘቡን ለማኅበሩ ሰጡ። በ1987 በዘጠና ዓመታቸው አረፉ። ያ በፍርሃት የገቡበት ማኅበር ዛሬም መጽሔቱን ያወጣል።

የያቤሎዋ ወፍ

ከቦረና፣ ከያቤሎና ከአካባቢዋ በስተቀር በዓለም የትም የማትገኝ አንዲት ግራጫ ወፍ አለች፤ የቁራ ወገን ናት፣ በዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ አላት። የቦረና አርብቶ አደር ለዘመናት ከከብቶቹ መሐል ሲያያት ኖሯል። የሳይንስ ስሟ ግን ዛቫታሪዮርኒስ ሽትሬዘማኒ ነው። ስሙን ያወጣላት ጣሊያናዊው ሞልቶኒ ነው፤ በ1938፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን።

ሽትሬዘማን የሳሊም አሊ መምህር ነው። ዛቫታሪ ደግሞ በዚያው በ1938 የፋሽስቶችን የዘር መግለጫ ከፈረሙት አሥር ምሁራን አንዱ ነው። የቦረናዋ ወፍ ለሕንዳዊ ተማሪ በሩን የከፈተውን ሰው ስምና ሰውን በዘሩ የመዘነውን ሰው ስም ባንድ ላይ ተሸክማ ትበራለች። በሳይንስ ደንብ ቀድሞ የታተመ ስም ይጸናልና ስሙ ይኖራል።

በዚህ መናደድ ተገቢ ነው። ንዴቱ ግን ወፏን አይቆጥራትም፤ ጎጆዋን አይመዘግብም። ኢትዮጵያውያን በዕፅዋት በኩል የተሻለውን መንገድ አሳይተዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ማዕከልነት፣ ከስዊድን ኡፕሳላ ጋር በመተባበር፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍት ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ። ወደ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። ዛሬ ስለ አንድ የኢትዮጵያ ተክል የሚጠይቅ የውጭ ምሁር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ መሳቢያ ያስከፍታል። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም አለ፤ ዋልያ የሚል መጽሔት አውጥቷል። መሠረቱ ከባዶ አይጀመርም ማለት ነው።

እንግዲህ ለዚያ ክርክር የቦምቤዩ ማኅበር የሚሰጠው መልስ ቀለል ያለ ነው። ከቅኝ ገዢ የተረፈውን ተቋም አፍርሶ ከባዶ መጀመር ሞኝነት ነው፤ እንዳለ ተቀብሎ ማመስገንም ሞኝነት ነው። መዝገቡን ይዞ፣ ሐሰቱን ነቅሶ፣ የተዘለሉትን ስሞች ጽፎ፣ ቁልፉን ለአገሬው ልጅ መስጠት ግን ይቻላል። ሕንዶች አድርገውታል። አንድ ነገር ግን አይዘነጋ፤ ቁልፍ የያዘ የአገር ልጅም በሩን ዘግቶ መቀመጥ ይችላል።

ዛሬ አንዲት የያቤሎ ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የማታውቀውን ላባ አንስታ ይሆናል። መምህሯ አያውቁትም እንበል። ደብዳቤ የሚጽፍላት አጎትም የላትም። ያቺ ልጅ ላባውን ይዛ የምታንኳኳው በር የትኛው ነው? ካንኳኳችስ ከውስጥ የተቀመጠው ሰው ምን ይላታል? ነገ ነይ ነው ወይስ ግቢ ልጄ፣ መሳቢያውን ላሳይሽ?